ለማይቀመጥበት ገዢ መሸጥ

ዛሬ ወረታ ላይ የቢሮ ጠረጴዛ፣ ወንበርና የተማሪ ዴስክ መሸጥ ራሱን የቻለ እንጀራ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሙያ የከተሜነት ውጤት ያደርገዋል፤ ከተማ ሰፋ፣ ዕቃ ፈላጊ በዛ፣ ሻጭም ተከተለ ይላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። የፈርኒቸር ሻጭን የወለደው የፈላጊው መብዛት ሳይሆን አዲስ ዓይነት ገዢ መምጣቱ ነው፤ ገንዘቡን ከፍሎ ራሱ የማይቀመጥበት ገዢ፣ ማለትም መሥሪያ ቤት።

ከዚያ በፊት በወረታ ዙሪያ፣ በቁሐር ሚካኤልም ሆነ በቀረው የፎገራ ሜዳ መቀመጫና መኝታ ከተጠቃሚው እጅ ብዙም የራቁ አልነበሩም። መደቡ ከቤቱ ጋር አብሮ የሚሠራ፣ ከጭቃና ከድንጋይ ተነሥቶ በእበት የሚለቀለቅ የቤቱ አካል ነው። አልጋውም ቢሆን ከደጅ የሚጀምር ነው፤ ቆዳው ከፎገራ ከብት፣ እንጨቱ ከዋንዛ። እርጥቡ ቆዳ ከዳር ጀምሮ ዙሪያውን እየተተለተለ አንድ ረጅም ጠፍር ይወጣዋል። ባለሙያው በአልጋው ቀዳዳ እያሾለከ ይወጥረዋል፣ ሲደርቅ ይጠብቃል፣ ሲረግብ ተመልሶ ይወጠራል። የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ሲሞሉ ሜዳው በሚጥለቀለቅበት አገር ከመሬት ከፍ ያለ መኝታ ቅንጦት አይደለም። በርጩማስ ገበያ ይወጣ የለም ወይ? ይወጣል፤ ነገር ግን ገዢው ቁጭ ብሎበት፣ እግሩን ነቅነቅ አድርጎ አይቶት ነው የሚገዛው። በእንዲህ ያለ ግብይት ሠሪው ይበቃል፤ በመካከል ቆሞ የሚያስረዳ ሰው ቦታ የለውም።

የጎንደር ቤተ መንግሥትስ? ይህ ጠንከር ያለ ጥያቄ ነው። የየመኑ መልእክተኛ አል ሐይሚ እ.ኤ.አ. በ1648 ዐፄ ፋሲለደስን ሲጎበኝ ከሩቅ አገር የመጣ ምንጣፍና ከህንድ የመጣ ድንክ አልጋ አይቶ ጽፏል። ስለዚህ የውስጥ ማስዋብ ለዚህ አካባቢ ባዕድ አልነበረም። ሆኖም የንጉሥ ዕቃ ወይ በነጋዴና በመልእክተኛ ይመጣል፣ ወይ በትእዛዝ ይሠራል። ከወረታ በስተምሥራቅ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ለዐፄ ቴዎድሮስ የሠሩት አውሮፓውያን ባለሙያዎች ደንበኛቸው አንድ ንጉሥ ነበር። አንድ ደንበኛ ላለው ሰው የሽያጭ ሙያ ምን ያደርግለታል?

ለውጡ የመጣው ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ባንክና የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሲበዙ ነው። ወረታ ደግሞ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ላይ ተቀምጣ፣ ቻይናዎች የሠሩት የወልዲያ መንገድም ከእርሷ እየተነሣ፣ የግብርና ኮሌጁንና የሩዝ ምርምር ማዕከሉን ይዛ እንዲህ ላለው ገዢ የተመቸች ሆነች። መሥሪያ ቤት ሲገዛ ዕቃውን ቁጭ ብሎ አይፈትንም፤ ፕሮፎርማ ይሰበስባል ወይም ጨረታ ያወጣል። ሻጩም ከእንጨቱ ይልቅ ሰነዱን ማወቅ አለበት፦ የጨረታ ማስከበሪያው ሲፒኦ መቼ እንደሚያዝ፣ ናሙናው የት እንደሚቀርብ፣ በጀት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግንቦት ላይ የዘገየ ርክክብ ክፍያውን ወዴት እንደሚጥለው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ፣ ከዚያም የግዥ ሕጎች የሰጡት ልዩ አስተያየት የእንጨትና ብረታ ብረት ማኅበራትን ወደዚህ ገበያ አስገባ። መበየድና መላግ የሚችል ወጣት ሞልቶ ነበር፤ ሰነድ ሞልቶ የሚከራከር ግን ጥቂት ነበር። የሻጭነት ሙያ ክብር ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ከሆነ ሻጩ ደላላ እንጂ ሌላ ምንድን ነው የሚል ይኖራል። ደላላ ሁለት ፈላጊዎችን ያገናኛል፤ እዚህ ግን ሦስተኛ ሰው አለ፣ ተቀማጩ። እርሱ ከጨረታው ክፍል ውጭ ነው። የጠረጴዛና የወንበር ነገር ለእርሱ ታስቦ ሲሠራ ምን እንደሚመስል አገራችን አሳይታለች፤ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ ሕንፃውን ብቻ ሳይሆን የውስጡን ዕቃም አብሮ አስቧል፤ ልዑካኑ የሚቀመጡበት ነገር የንድፉ አካል ነበር። የወረዳ ትምህርት ቤት ያን ያህል ገንዘብ የለውም የሚለው መልስ አያሳምነኝም። ብዙ ጊዜ በጨረታ ሰነድ የጣውላው ውፍረትና የቱቦላሬው ዓይነት በጥንቃቄ ይሰፍራል፤ የልጁ ጉልበት ከፍታ ግን ይረሳል። የአንደኛ ክፍል ልጅ እግሩ ተንጠልጥሎ ይማራል። ሰነዱን ሲገዛ የየትኛው ክፍል ዴስክ እንደሆነ የሚጠይቅ፣ ሁለት ከፍታ አዘጋጅቶ ናሙና የሚያቀርብ ሻጭ ለመንግሥት ወጪ አይጨምርም፤ ለትንሹ ልጅ የሚሠራው ዴስክ የሚፈጀው ብረት ከትልቁ ያነሰ ነው።