ብሩሹ ወዴት ሄደ?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ወረታን ያገኛታል። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው ቻይናዎች የሠሩት ነው፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ ይወጣል። መንገደኛ የሚበዛበት ከተማ ደግሞ ታፔላ ይበዛበታል። ምግብ ቤቱ፣ አልጋ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ የሩዝ መፈልፈያው፣ ሁሉም «እኔን እየኝ» ይላል።

ታዲያ እኔ በማውቃት ወረታ አብዛኛውን ታፔላ የሚጽፉት አንድ ሰው ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ እሳቸውም አይወዱም። ቆርቆሮውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው፣ ነጭ ቀለም ቀብተው፣ በክርና በጠመኔ መስመር አስምረው፣ ከዚያ ብሩሽ ያነሳሉ። ፊደላቸው ጥላ ነበረው፤ ቀዩን ፊደል ከኋላው ጥቁር ይከተለዋል። የ«ቤ»ን ቀለበት ከሌላው ሰው ሰፋ አድርገው ነበር የሚጥሉት። ምግብ ቤትም ይሁን መድኃኒት ቤት፣ ቀለበቷን ያየ ሁሉ «የሳቸው እጅ ነው» ይላል።

በቅርቡ ብቅ ስል መሰላል ላይ አገኘኋቸው። ባነር እየሰቀሉ ነው። ባነሩ ላይ ትልቅ ሣህን አለ፤ ሣህኑ ላይ በሎሚ የተከበበ ሮዝ ሥጋ ያለው ዓሣ ተጋድሟል። ጣና አጠገብ ተቀምጠን እንዲህ ያለ ዓሣ ከየት እንደመጣ እንጃ! ዓሣው ጣናን ቀምሶት እንደማያውቅ ግን ያስታውቃል።

«ጋሼ፣ ደግሞ መሰላሉ ላይ ምን ይሠራሉ?»

«አሁን ማሽኑ ይጽፋል፣ እኔ እሰቅላለሁ» አሉኝ።

ከወረዱ በኋላ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ድሮ አንድ ታፔላ ሦስት ቀን ይፈጅባቸው ነበር። ይኼኛውን ባለቤቱ ትናንት በስልክ ባሕር ዳር አዘዘ፣ ዛሬ ተጠቅልሎ በሚኒባስ መጣለት።

«ከፋዎት እንዴ?»

«ለምን ይከፋኛል? ሰው የረከሰለትን ይገዛል። እኔን የከፋኝ ፊደሉ ሁሉ አንድ መሆኑ ነው። ሥጋ ቤቱም መድኃኒት ቤቱም አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። ያ ሰው ደግሞ ማን እንደሆነ አላውቀውም።»

ይህች የመጨረሻዋ ነገር አልለቀቀችኝም። ያ ሰው ማን ነው?

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን ቶሎ የምንለው «ድሮ ቀረ!» ነው። ዳሩ ግን ይህ የጣና ዳር አገር ቅጂ ሲገባበት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከ400 ዓመት በፊትም ከውጭ የመጣ ሥዕል ገብቶበት ያውቃል።

ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ሩቅ አገር ሲሄዱ ይዘዋቸው ከሚዞሩት ዕቃዎች አንዱ ሮም በሚገኘው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ ነበር። ቅጂው ህንድ ሄደ፣ ቻይና ሄደ፣ እኛም ዘንድ መጣ። ሚስዮናውያኑ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ገነኑ፣ በዐፄ ፋሲል ጊዜ ተባረሩ። ሥዕሏ ግን አልተባረረችም። የእኛ ሠዓልያን ወሰዷት። እጇን እንዳጣመረች፣ መሐረቧንም እንደያዘች ተዉአት። ዓይኗን ግን አሰፉት፤ ልብሷን በአገሩ ቀለም አደመቁት፤ ግራና ቀኝ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው አቆሙላት። ዛሬ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ስንል በዓይነ ሕሊናችን የምትመጣው እሷ ናት። ከሮም ነው የመጣችው ቢባል ስንቱ ሰው ያምናል?

ሁለተኛውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1590 እና 91 ሮም ውስጥ የሜዲቺ ማተሚያ ቤት ወንጌልን በዐረብኛ አሳተመ። መጽሐፉ አንቶኒዮ ቴምፔስታ በነደፋቸው፣ እንጨት ላይ ተቀርጸው በታተሙ ሥዕሎች የተሞላ ነበር፤ ሁሉም ጥቁርና ነጭ። የዚያ መጽሐፍ ቅጂ ጎንደር ደረሰ። ሠዓልያኑ የሥዕሉን አደራደር ወሰዱ፤ ከበስተኋላ ያለውን የፈረንጅ ከተማና ሰማይ አወጡት፤ ቀለም የሌለውን ቀይና ቢጫ አለበሱት። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተሣሉት የጎንደር ወንጌሎች ብዙዎቹ የዚያ የታተመ መጽሐፍ ልጆች ናቸው። ያን ጊዜ አዲሱ ቴክኖሎጂ ማተሚያ ነበር። ማተሚያው ሺህ ጊዜ አንድ ዓይነት ሥዕል ያወጣል፤ የእኛው ሰው ግን እያንዳንዱን በእጁ ሲያሳልፈው ሌላ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ የሥዕሉ መልክ እንደገና ተለወጠ። ፊት ላይ ጥላ መጣ፤ ልብሱ ከባሕር ማዶ የመጣ አበባ ያለበት ጨርቅ ሆነ። ደቅ ደሴት ላይ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ያየ ሰው እቴጌይቱ ራሷ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ያገኛታል። ሥዕሎቹ ብዙውን ጊዜ ጨርቅ ላይ ተሥለው ነው ግድግዳው ላይ የሚለጠፉት። በእኛ ቋንቋ ባነር ማለት ነው እኮ! ልዩነቱ ጨርቁን ሳይሆን እጁን ነው።

ስለ ቅጂ ካነሳን ኲርዓተ ርእሱን መዝለል አይቻልም። የእሾህ አክሊል የደፋው የጌታ ሥዕል ነው፤ ከአውሮፓ የመጣ ሥዕል ነው። ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ሲወጡ ይዘውት ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1744 ዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ሱዳን ውስጥ በፉንጅ ጦር ሲሸነፉ ሥዕሉ ተማረከ፤ ካሣ ተከፍሎበት ተመለሰ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ግን ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ወስዶ ለራሱ አስቀረው። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ በኋላም ፖርቹጋል ገባ። አገር ውስጥ ምን ቀረ? ቅጂው ቀረ። ሠዓልያን እያዩ የገለበጡት፣ ከነሱም ሌሎች የገለበጡት። ዋናው ሲጠፋ ያዳነን ቅጂ ነው።

ስለዚህ ቅጂ ጠላት አይደለም። እንግዲያው የጋሼን ነገር ምን ለየው?

ወደ ፊደል እንምጣ። የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው አገር ቤት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ፣ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ባሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። እኛ ዘንድ ማተሚያ ሥር የሰደደው ከ400 ዓመት በኋላ ነው፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከዚያ የጽሕፈት መኪና መጣ። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ለላቲን በተሠራ ሰሌዳ ላይ አልገባ ብሎ ተቆራረጠ፤ የ«ቤ» ቀለበት ለብቻዋ ቁልፍ ሆነች። ፊደሉ ይቀነስ ያሉም ብዙዎች ነበሩ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ይህ ችግር የተቃለለ መስሎ ነበር። ግን ያን ዘመን የሚያስታውስ ያስታውሰዋል፤ ፓወር ግዕዝ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ፕሮግራሙ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የጠንቋይ ክታብ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 345 የግዕዝ ምልክቶችን መዝግቦ ቁጥር ሰጣቸው። ዛሬ ከወረታ የተላከ የአማርኛ መልእክት ዋሽንግተን ላይ ሳይበላሽ የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ሒሳቡን ተመልከቱት። አንድ የላቲን ፊደል ቀራጭ ትልቁንና ትንሹን ደምሮ 52 ፊደል ሥሎ ዋናውን ሥራ ይጨርሳል። የግዕዝ ፊደል ቀራጭ ከ300 በላይ መሣል አለበት። ገበያው ደግሞ ጠባብ ነው፤ ከፍሎ የሚገዛው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የግዕዝ የኮምፒውተር ፊደል ዓይነቱ ትንሽ ሆነ። ለምሳሌ ብዙዎቻችን ያነበብንበትን «ኒያላ» የተባለውን ፊደል እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ሲመጣ የቀረጸልን ካናዳ የሚኖር ጆን ሃድሰን የሚባል ባለሙያ ነው። ሥራውን አጥንቶ ነው የሠራው፤ አንወቅሰውም። የጋሼ ጥያቄ መልስ ግን በከፊል እዚህ አለ። ያ «ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው» እንደ እሳቸው አንድ ጸሐፊ ነው። እሳቸው የጻፉት ለወረታ ነው፤ እሱ የጻፈው ለሁሉም ነው። ለሁሉም የሚጽፍ ሰው ደግሞ የማንንም ሠፈር አይመስልም።

የጎንደር ሠዓሊና የባነር ቤቱ ልጅ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ሠዓሊው ከሮም የመጣውን ሥዕል ለመገልበጥ በእጁ ማሳለፍ ነበረበት፤ ሲያሳልፈው ሳያስበው እንኳን የራሱ ያደርገው ነበር። የባነር ቤቱ ልጅ ዓሣውን ከኢንተርኔት ያወርደዋል፣ ይለጥፈዋል፣ ያትመዋል። እጅ ያልነካው ቅጂ እንደመጣ ይቀራል። አሁን ደግሞ «ቅዱስ ጊዮርጊስን ሥራልኝ» ሲባል ራሱ የሚሥል ማሽን መጥቷል፤ ከሥዕሉ ሥር የሚጽፈው ፊደል ብዙ ጊዜ ግዕዝን የሚመስል ግን የማይነበብ ነገር ነው።

ይህን ብዬ ዲጂታሉን ብራገም ግን ውለታ መርሳት ይሆንብኛል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት አንስቶ አስቀምጧል። ታላቁ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ተቀምጠው እነዚያን ፊልሞች በመመዝገብ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይታያሉ። ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው «መዝገበ ሥዕላት» የቤተ ክርስቲያኖቻችንን ግድግዳዎች ፎቶ አንድ በአንድ ይዟል። ከመቅደላ የተወሰዱትም ብራናዎች ለንደን ላይ በዲጂታል መነሣት ጀመሩ። የፎገራ ተማሪ አያቱ ያላዩትን የጎንደር ሥዕል በስልኩ አስፍቶ ጣቱን ሊያስቆጥር ይችላል። ይህ ቀላል ነገር ነው?

ሆኖም አንድ ዓመት ትዝ ይበለን። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ አንድ ዓመት ገደማ ቆየ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2016፣ ለንደን ያለው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒውተር ጥቃት ተመታ፤ በዲጂታል ያስቀመጣቸው ብራናዎች ለብዙ ወራት የማይታዩ ሆኑ። ከዚህም በኩል ተዘጋ፣ ከዚያም በኩል ተዘጋ። ያን ጊዜ የናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ኔትወርክ አልጠየቀም። በሌላ በኩል ግን ያ ግድግዳ ዝናብ ያፈስበታል፣ ምስጥ ይበላዋል፤ ፎቶው ባይኖር ነገ የምናሳየው የለንም። አንዱ ያለ ሌላው አደራውን አይችለውም።

ፎገራ ይህን ትምህርት በእርሻዋ ታውቀዋለች። ሩዝ የአገሩ እህል አልነበረም። በደርግ ዘመን ገባ፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ከሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ጋር ተያይዞ ይነገራል። ገበሬው ከጤፍ ጋር ደባልቆ እንጀራ ጋገረው፣ ጠላ ጠመቀው፣ አረቄ አወጣው፤ የራሱ አደረገው። የርብና የጉማራ ውኃ የሚተኛበት ሜዳ የሚያበላ ሜዳ ሆነ። ግን ያ ሜዳ የታወቀው የፎገራ ከብት መዋያም ነበር። ግጦሹ ሲታረስ ከብቱ እየተመናመነ መጣ፤ ዝርያው እንዳይጠፋ ማርቢያ ማቆም ግድ ሆነ። ሩዙን ማንም አይጠላውም። ጥያቄው ከብቱን ማን ያስታውሳል ነው።

ሻያችንን ስንጨርስ ባነር ያሳዘዘው ወጣት መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። ኮምፒውተር ይችላል፤ ትንሽ ትንሽ ዲዛይን ራሱ ይሞክራል። የጋሼን ፊደል ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ወረቀት ላይ አስጽፎ፣ በስካነር አንስቶ፣ የኮምፒውተር ፊደል ማድረግ እንደሚቻል ነገርኩት። ወጣት ኢትዮጵያውያን ዲዛይነሮች አሁን አሁን እንዲህ ያለ ሥራ ጀምረዋል። ልጁ ዓይኑ በራ።

ጋሼ ግን ዝም አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ግራው ሞራ ጋርዶታል፤ ቀኙም እየደከመ ነው።

«ስንት ፊደል ነው አልክ?»

«ከ300 በላይ።»

«በቀን አሥር ብጽፍ አንድ ወር ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ወደ ልጁ ዞሩ፤ «እንግዲያው ነገ ጠዋት ና። ጠዋት ነው ደህና የማየው።»