ያልተሠራው ቤተ ክርስቲያን፤ የአንግሊካን ሚሲዮን በሰሜን ሸዋ ደጋ ከ1831 እስከ 1834 ዓ.ም.

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ኮረብታዎች ላይ በጽድና በወይራ ተከበው የሚታዩት አብያተ ክርስቲያናት የአገሩን ታሪክ ከሚያስረዱት ምስክሮች ዋነኞቹ ናቸው። የታሪክ ተማሪ ማን እንደ ተከላቸው፣ መቼ እንደ ፈረሱና ማን እንዳሳደሳቸው እየጠየቀ የአካባቢውን የዘመን ተራ ለመከተል ይችላል። ነገር ግን ሳይሠራ የቀረ ሕንፃም አንዳንድ ጊዜ ከተሠራው የማያንስ ትምህርት ይሰጣል። ከእንዲህ ያለው አንዱ በሸዋ ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን በአንኮበር ሳይሠራው የሄደው ቤተ ክርስቲያን ነው።

ሚሲዮኑ በአንኮበር ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተቀመጠ፤ ከንጉሡም ዘንድ መወደድን አገኘ፤ መጻሕፍትም ነበሩት። ሆኖም ለጸሎት ብሎ ያቆመው ሕንፃ የለም። የዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ የካህናቱ ተቃውሞ ብቻ ተደርጎ ይነገራል። ተቃውሞው እውነት ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱን ለማግኘት በአንድ ወገን የሚሲዮኑን ዓላማ፣ በሌላ ወገን ደግሞ በደጋው አገር «ቤተ ክርስቲያን መሥራት» ማለት ምን እንደ ነበረ መመርመር ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች በቅንፍ የተጻፉትና «እ.ኤ.አ.» የተባሉት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. የማኅበሩ ዓላማ

ሚሲዮኑን የላከው እ.ኤ.አ. በ1799 በለንደን የተመሠረተው የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር ነው። ማኅበሩ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ዘመን ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚፈቅዱ እንግሊዛውያን ካህናት ስላነሱት በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ከተማሩት ሰዎች ብዙዎቹን ይቀጥር ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ጎባት፣ ኩግለር፣ ኢዘንበርግና ክራፕፍ ሁሉም በዚህ መንገድ የተላኩ ናቸው።

የማኅበሩ አሳብ በምሥራቅ አገር ካሉት ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ጎን ሌላ ቤተ ክርስቲያን ማቆም አልነበረም፤ ቅዱስ መጽሐፍን ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ በማሠራጨት ነባሩን ቤተ ክርስቲያን ከውስጥ ለማደስ ነበር እንጂ። ስለዚህም የማኅበሩ ሰው ዊልያም ጆዌት አባ አብርሃም (አቡ ሩሚ) በግብጽ የተረጐሙትን የዐማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1820 ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛ። ከዚህም ትርጓሜ አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ መላው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። እንግዲህ ሚሲዮናውያኑ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ በበቅሎ የጫኑት መጻሕፍትን ነው። ለአዲስ ቤተ ክርስቲያን የሚሆን ዕቅድ በእጃቸው አልነበረም።

፪. የዐድዋው ቤት

ሆኖም ሕንፃ የሚያስከትለውን ነገር ሚሲዮናውያኑ ሸዋ ሳይደርሱ በትግሬ ተምረውት ነበር። ኢዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1835 ዐድዋ ደርሶ በኋላ ሰፋ ያለ የመኖሪያ ቤት ማሠራት ጀመረ። መሠረቱ በጥልቀት ሲቆፈር በከተማው ወሬ ተነሣ። ፈረንጆቹ ከምድር በታች እስከ ምጽዋ የሚደርስ መንገድ እየቆፈሩ ነው፤ በዚያም የእንግሊዝ ወታደርና መድፍ ያስገባሉ ተባለ። ወሬው ከመጠን ያለፈ ቢሆንም ፍርሃቱ ከንቱ ነበር ለማለት አይቻልም። በአገሩ ልማድ ድንጋይ ከድንጋይ አጋጥሞ ጥልቅ መሠረት የሚጥል ሰው ለመቀመጥ የመጣ ሰው ነው፤ የሚቀመጥም ሰው መሬት ይፈልጋል፤ መሬት የሚፈልግም ባለቤትነትን ይጠይቃል። ደጃዝማች ውቤ በ1830 ዓ.ም. (1838) ሚሲዮናውያኑን ከግዛታቸው ሲያስወጡ የካህናቱ የሃይማኖት ክስና የሕዝቡ ጥርጣሬ በአንድነት ሠርተዋል።

፫. አንኮበር

ኢዘንበርግና ክራፕፍ ከዚህ በኋላ በታጁራ በኩል በአዳል በረሓ ተጉዘው በ1831 ዓ.ም. (1839) ክረምት ሊገባ ሲል ሸዋ ደረሱ። ኢዘንበርግ የደከመባቸውን የዐማርኛ መጻሕፍት ለማሳተም በ1832 ሲመለስ ክራፕፍ በአንኮበር ብቻውን ቀረ። ጥቂት ልጆችን ያስተምር፣ መጻሕፍትን ያድል፣ ከካህናት ጋር ስለ ጾምና ስለ እመቤታችን አማላጅነት ይከራከር ነበር። በዚያ ጊዜ የሸዋ ካህናት በሦስት ልደት ትምህርት ምክንያት እርስ በርሳቸው ተከፋፍለው ስለ ነበር የእንግዳውን አሳብ ለማወቅ የሚጠይቁት አልጠፉም። የሁለቱ ሚሲዮናውያን የዕለት ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1843 በለንደን ሲታተም ከዚህ ክርክር ብዙውን ለታሪክ አቆይቶታል።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በበኩላቸው ከፈረንጅ የሚፈልጉት ነገር ግልጽ ነበር። ጠመንጃ፣ መድኃኒትና የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን ይሹ ነበር። ክራፕፍም ከእንግሊዝ ጋር ወዳጅነት እንዲመሠረት አማካሪና አስተርጓሚ ሆነ። በካፒቴን ሃሪስ የሚመራው መልእክተኛ በ1833 ዓ.ም. (1841) ከሕንድ አገር መጥቶ በኅዳር 1834 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። በዚህም ጊዜ በእንግሊዞች እጅ የተሠራ አንድ ሕንፃ በሸዋ ታየ፤ ይኸውም የመልእክተኛው ሰዎች ለንጉሡ ያሠሩት የጎቲክ አሠራር ያለው አዳራሽ ነው። በእንግሊዝ አገር የገጠር አብያተ ክርስቲያናት የታወቁበት የአሠራር ስልት በሸዋ ደጋ የገባው ለቤተ መንግሥት አገልግሎት ሆኖ ነው። ንጉሡ የፈረንጅን ጥበብ ተቀበሉ፤ ጥበቡ ግን በራሳቸው ሥልጣን ሥር የሚውል መሆን ነበረበት።

፬. ቤተ ክርስቲያን መትከል በደጋው አገር

የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኘው ግድግዳው አይደለም። በመጀመሪያ ታቦት ያስፈልጋል፤ ታቦቱም በጳጳስ እጅ መባረክ አለበት። አቡነ ቄርሎስ ካረፉ በኋላ አቡነ ሰላማ እ.ኤ.አ. በ1841 እስኪመጡ ድረስ አገሩ ያለ ጳጳስ ስለ ነበረ ለራሱ ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አዲስ ታቦት የሚባርክ፣ ቄስና ዲያቆንም የሚሾም አልነበረም። ለባላገሩ ያልታነጸው በቀረበት ዘመን እንግዳ የራሱን ቤተ ክርስቲያን ያንጽ ዘንድ ማን ይፈቅድለታል?

ሁለተኛው ነገር መሬት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲተከል ለአገልጋዮቹ የሰሞን መሬት ይመደብ ነበር፤ የሚቀድሰው ቄስ፣ የሚያገለግለው ዲያቆን፣ የሚዘምረው ደብተራ በዚያ ይኖራሉ። ይህ ሥርዐት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ቆይቷል። በመንዝ ርስት በትውልድ የሚቈጠር ስለ ነበረ ለአዲስ ቤተ ክርስቲያን መሬት መስጠት ከነባር ባለርስቶች ድርሻ ማንሣት ማለት ነበር።

ሦስተኛው መቃብር ነው። ባላገሩ አባቱ የተቀበረበትን፣ ራሱም የሚቀበርበትን ደብር ያውቃል፤ ተዝካሩም ሰንበቴውም ማኅበሩም በዚያ ዙሪያ ይቈማል። ከዚህ ወጥቶ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው የሚለውጠው እምነቱን ብቻ አይደለም፤ የዘመዶቹን መቃብርና የጎረቤቶቹን ማኅበር ጭምር ይተዋል።

በዚህ ሥርዐት ሕንፃ አላፊ፣ ቦታው ግን ቀሪ መሆኑን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ታሪክ ያስረዳል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ብርሃን ከሰማይ ታየ በተባለበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ከተማቸውንም በዚያ አደረጉ። የ16ኛው መቶ ዘመን ጦርነት አካባቢውን አጠፋው፤ ነገሥታቱም መቀመጫቸውን ወደ ሰሜን ወሰዱ። ሆኖም የቦታው ክብር ስላልተረሳ ዐፄ ምኒልክ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በዚያው ስፍራ እንደ ገና ቤተ ክርስቲያን አሠሩበት። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ያለፈውን ጊዜ ያገናኘው የቦታውና የስሙ መታሰቢያ ነው። አንድ ሚሲዮናዊ በሦስት ዓመት ውስጥ ሊያቆመው የሚችለው ሕንፃ ይህን የመሰለ መሠረት ሊኖረው አይችልም ነበር።

፭. በመንዝና በግሼ መንገድ

ክራፕፍ በመጋቢት 1834 ዓ.ም. (1842) ከአንኮበር ተነሣ። አሳቡ በጎንደር አዲሱን ጳጳስ አቡነ ሰላማን አይቶ ወደ ግብጽ ለመውረድና በዚያ የምትጠብቀውን እጮኛውን አግብቶ ለመመለስ ነበር። አቡነ ሰላማ በልጅነታቸው የማኅበሩ የካይሮ ትምህርት ቤት ተማሪ ስለ ነበሩ ሚሲዮናውያኑ በእርሳቸው ላይ ትልቅ ተስፋ ጥለው ነበር። ክራፕፍ የንጉሡ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ወደሚቀመጡበት ወደ ሰላ ድንጋይ ደርሶ ከዚያም በመንዝና በግሼ አድርጎ ወደ ወሎ ወጣ። በሸዋ ንጉሥ ግዛት ውስጥ እስካለ ድረስ የንጉሡ ስም ይጠብቀው ነበር፤ ወሎ ሲገባ ግን አዳራ ቢሌ የተባለው ባላባት ይዞ ያለውን ሁሉ ቀማው፤ ጎንደርም ሳይደርስ በብዙ መከራ ወደ ምጽዋ ወረደ። በዚያው ዓመት ማለቂያ ገደማ በታጁራ በኩል ወደ ሸዋ ሊመለስ ቢሞክርም ስላልተፈቀደለት ሥራውን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ፣ ወደ ሞምባሳ፣ አዛወረ። የአንኮበር ሚሲዮን በዚህ ተፈጸመ።

፮. በሕንፃ ፈንታ የቀረው

ከሚሲዮኑ የቀረው ሀብት በወረቀት ላይ ያለው ነው። የኢዘንበርግ የዐማርኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1841፣ የዐማርኛ ሰዋስዉም በ1842 ታተሙ። ክራፕፍ በአንኮበር ሳለ ኦሮምኛን አጥንቶ የቋንቋውን አጭር መግለጫ በ1840 አሳተመ፤ ከወንጌላትም ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ። ከአገሩም ብዙ የብራና መጻሕፍትን ሰብስቦ ወደ አውሮፓ ላከ። ይህ የመጨረሻው ለአውሮፓ ሊቃውንት ጥቅም ሲሆን ለሸዋ ግን ጉድለት መሆኑ አይካድም፤ መጽሐፍ ሊሰጥ የመጣው ሚሲዮን መጽሐፍ ወስዶ ሄዷልና።

የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ በኢትዮጵያ የቆመው በኋላ፣ በሌላ ምክንያት ነው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው በከተማው ለሚኖሩት የውጭ አገር ሰዎች አገልግሎት ነበር። በጋምቤላ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡት ስደተኞች እምነታቸውን ይዘው ስለ ገቡ በእንጨት፣ በጭቃና በሣር ክዳን የሚሠሩት አብያተ ክርስቲያናት ቍጥራቸው በዛ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የእስክንድርያ የአንግሊካን አውራጃ ሲቋቋም ጋምቤላ ራሱን የቻለ ሀገረ ስብከት ሆነ። በሁለቱም ስፍራ ሕንፃውን የቀደመው ሕዝብ ነው። አስቀድሞ አብሮ የሚጸልይ፣ ልጁን የሚያስጠምቅ፣ ሙታኑን የሚቀብር ማኅበር ነበረ፤ ቤቱም በኋላ ተከተለ።

በ1831 ዓ.ም. በአንኮበር እንዲህ ያለ ማኅበር አልነበረም፤ ሚሲዮኑም በዓላማው እንዲኖር አልፈለገም። እንግዲህ ያልተሠራውን ቤተ ክርስቲያን የካህናት ቅናት ወይም የሚሲዮናዊ ድካም ብቻ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። ሚሲዮኑ ነባሩን ቤት ሊያድስ መጣ እንጂ አዲስ ቤት ሊሠራ አልመጣም፤ የደጋው ሕዝብም ቤተ ክርስቲያኑ ከመሬቱ፣ ከመቃብሩና ከዘመዱ ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ ለእድሳቱ እንግዳ አናጢ አልጠራም። የመንዝና የግሼ አብያተ ክርስቲያናትን ታሪክ የሚያጠና ሁሉ ከድንጋዩና ከክዳኑ አስቀድሞ ይህን ትስስር ቢመረምር ሕንፃዎቹ ለምን ከጥፋት በኋላ ደጋግመው እንደ ተነሡ ሊረዳው ይችላል።