የአድዋ ቂምና የ1928 ዓ.ም. ጦርነት

 ማንበብ የጀመራችሁም፣ ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ያላችሁም ቀረብ በሉ።

ዛሬ የምንጫወተው ስለ ቂም ነው። በእኛ ደጋ፣ በዳባትም ሆነ በደባርቅ፣ ቂም ምን እንደሆነ የሚያስተምረን አያሻንም። ሰው ከተገደለ ደም አለ። ልጁም «የአባትህ ደም» እየተባለ ያድጋል። ሽማግሌ ገብቶ ካላስታረቀ ነገሩ ከልጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። ታዲያ መንግሥታትም ቂም ይይዛሉ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አድዋ ላይ ድል ሆነ። ለእኛ ኩራት፣ ለእነሱ ቁስል ሆነ። ከ40 ዓመት በኋላ ሙሶሊኒ ያን ቁስል ነካካው። መስከረም 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ለሕዝቡ ሲናገር፣ 40 ዓመት ታግሠናል፣ አሁን ይበቃል አለ። በማግስቱ ጦሩ መረብን ተሻገረ። በአራተኛው ቀን አድዋን ያዘ። ልብ በሉ፤ ሙሶሊኒ የመጣው ለቂም ብቻ አይደለም፣ አገራችንን ፈልጎ ነው። ቂሙ ግን ወጣቱን ለማስነሣት በጀው። አድዋ ሲሆን ያልተወለደ ልጅ የአድዋን ደም ልመልስ ብሎ መጣ።

የእኛ መንግሥት ወደ ሽማግሌ ሄደ። ሽማግሌው ጄኔቭ የነበረው የመንግሥታት ማኅበር ነው። ማኅበሩ ጥፋተኛዋ ኢጣልያ ናት ብሎ ፈረደ። አንዳንድ ንግድም ከለከላት። ነዳጅ ግን አልተከለከለም፤ የጦር መርከቦቿ የሚያልፉበት የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ያለ ነዳጅ እኮ አይሮፕላን አይነሣም! ምነው ቢሉ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይም የራሳቸው ትዝታ ነበራቸው። ከ1906 እስከ 1911 ዓ.ም. ሚሊዮን ሰው ያለቀበት ጦርነት ከዓይናቸው አልጠፋም። ሌላ እንዳይመጣ ፈሩ። ኢጣልያ ወደ ጀርመን እንዳታደላም ፈሩ። ሁለቱም የፈሩት አልቀረላቸውም።

መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ጎንደር ገባ። ፒያሳ ያሉትን ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት የሠራው በዚያን ጊዜ ነው። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. አርበኞቻችንና የእንግሊዝ ጦር አስጨንቀውት እጁን ሰጠ። በኢትዮጵያ የመጨረሻ ምሽጉ ይኸው የእኛው ጎንደር ነበረች።

የጄኔቩም ነገር አልተረሳም። በ1942 ዓ.ም. ኮሪያ ስትወረር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ርዳታ ጠየቀ። ሽማግሌ የራቀውን ሰው ኀዘን የምታውቅ ኢትዮጵያ፣ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ጦሯን ወደዚያ ሩቅ አገር ላከች። የጦሩ ስም ቃኘው ተባለ። ቃኘው አድዋ የዘመቱት የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው።