የውጭ ዓይን በጃፓን ደጃፍ

ወደ ጃፓን የሚሄዱ የውጭ አገር ሰዎች ጫማ ደጃፍ ላይ መውለቁን፣ በምግብ ቤት ጉርሻ አለመሰጠቱን፣ በባቡር ውስጥ በስልክ አለመነጋገሩን እያነሡ ከአገራቸው ልማድ ጋር ማነጻጸር ይወዳሉ። ይህ ዓይነቱ ንጽጽር ከአራት መቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ታሪክ ያለው ሲሆን፣ ታሪኩ ወደ ኋላ ሲፈተሽ አንድ ቁም ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም የአንድ ሕዝብ ልማድ ቤቱ፣ እርሻው፣ እምነቱና መንግሥቱ በየዘመኑ የሚያበጁት እንጂ አብሮት የተወለደ የማይለወጥ ጠባይ አለመሆኑ ነው።

ከቀደምቶቹ ንጽጽሮች ሰፊውን የጻፈው ኢየሱሳውያን ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የተላከው ፖርቱጋላዊ ካህን ሉዊስ ፍሮይስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1563 ጃፓን የገባው ፍሮይስ፣ በ1597 ናጋሳኪ ውስጥ እስኪሞት ድረስ የቀረ ዕድሜውን በአመዛኙ በዚያው አገር ያሳለፈ ሲሆን፣ በ1585 የአውሮፓንና የጃፓንን ልማድ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ፣ በ14 ምዕራፎች የተከፈለና ከ600 የሚበልጡ አጫጭር ንጽጽሮችን የያዘ ጽሑፍ አዘጋጀ። በዚህም የሐዘን ልብስ በአውሮፓ ጥቁር፣ በጃፓን ግን ነጭ መሆኑን፣ እንዲሁም አውሮፓውያን በእጃቸው ሲበሉ ጃፓናውያን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሀሺ በሚባሉ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች እንደሚመገቡ መዝግቧል። ዛሬ ይህን የመጨረሻውን የሚያነብ ሰው የሚደነቀው በአውሮፓውያኑ ነው፤ ሹካ በዚያን ጊዜ በአብዛኛው አውሮፓ ገና አልተለመደምና።

ፍሮይስ ካስተዋላቸው ልዩነቶች አንዱ የዓይነ ምድር ጉዳይ ነው። በአውሮፓ ቆሻሻውን ጠርጎ ለሚወስድ ሰው ባለቤቱ ገንዘብ ሲከፍል፣ በጃፓን ወሳጁ ራሱ ሩዝና ገንዘብ ከፍሎ ይገዛው ነበር። ምክንያቱም እርሻ ላይ ይገኛል፤ የጃፓን ገበሬ ብዙ ከብት ስለማያረባ ለማሳው የሚሆን ፍግ የሚያገኘው በአመዛኙ ከሰው ነበር። ኤዶ፣ ማለትም የዛሬዋ ቶኪዮ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ በደረሰበት ጊዜ በዙሪያዋ ያሉ ገበሬዎች ከከተማዋ ቤቶች ጋር ይዋዋሉ ነበር፤ ከተከራዮች መጸዳጃ የሚገኘው ሽያጭም ለአከራዩ ገቢ ነበር። የውጭ ሰው በንጽሕና ወዳድነት ብቻ የሚተረጉመው ልማድ እንዲህ ያለ የኑሮ ስሌትም ነበረበት።

ጫማ የማውለቁ ልማድም የሚገለጠው ከቤቱ ወለል ነው። የጃፓን ባህላዊ ቤት በእርጥበታማው የበጋ ወራት ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራ ሲሆን፣ ክፍሎቹ ታታሚ በሚባል ምንጣፍ ይሸፈናሉ። ታታሚ ከተደራረበ የሩዝ ገለባ ተሠርቶ ላዩ በቄጤማ መሰል ሣር ሽመና የሚለበስ፣ ርዝመቱ 180፣ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ወፍራም ንጣፍ ነው። ቤተ ሰቡ የሚቀመጠውም፣ የሚበላውም፣ የሚተኛውም በዚሁ ላይ ስለሆነ የውጭ ጫማ ከወለሉ ዝቅ ብሎ በተሠራው መግቢያ፣ በጌንካን፣ ይቀራል። እንግዳው የጫማውን አፍንጫ ወደ በሩ አዙሮ ያስቀምጣል፤ በቤት ውስጥ የሚሰጠውን ነጠላ ጫማም ታታሚው ጋ ሲደርስ መልሶ ያወልቃል።

የገበታው ሥርዓት ደግሞ ከቀብር ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ዘመዶች አጥንቱን በሀሺ ለቅመው እየተቀባበሉ ወደ ማሰሮ ስለሚያስገቡ፣ በማዕድ ላይ ምግብን ከሀሺ ወደ ሀሺ ማቀባበል እንደ ትልቅ ነውር ይቆጠራል። ሀሺን በሩዝ ላይ አቁሞ መተውም የሚከለከለው ለሟች የሚቀርበው ሩዝ እንዲያ ስለሚደረግ ነው።

የማይነቀሉ የሚመስሉ ልማዶች ግን በአንድ ትውልድ ተለውጠዋል። ያገቡ ሴቶች ጥርሳቸውን በጥቁር ቀለም የማጥቆር ልማድ ፍሮይስንም ከእርሱ በኋላ የመጡትንም አስደንቋል፤ ይሁንና በ1868 የሜጂ ንጉሠ ነገሥታዊ አገዛዝ ከተመሠረተ በኋላ፣ በ1873 እቴጌይቱ ጥርሳቸውን ሳያጠቁሩ በመታየታቸው ልማዱ ከከተሞች እየጠፋ ሄደ። ከቡድሃ እምነት ጋር ተያይዞ ለዘመናት ሲነወር የኖረው የከብት ሥጋም፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1872 መብላታቸው ከተነገረ በኋላ የዘመናዊነት ምልክት ሆነ። በአንጻሩ የባቡሩ የስልክ ሥነ ሥርዓት ተንቀሳቃሽ ስልክ ከተስፋፋበት ከ1990ዎቹ ወዲህ የመጣ አዲስ ልማድ ነው።

ያዩትን የሚጽፉት ሰዎችም የየራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1931) ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ ኢትዮጵያ የሜጂን ሕገ መንግሥት አብነት ያደረገ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥቷን ካወጀች ገና ብዙ ጊዜ አልሆነም ነበር። ፍሮይስ ተቃራኒነትን ሲለቅም፣ እርሳቸው አንድ ጥንታዊ ዘውድ ራሱን ሳይጥል እንዴት እንደሚሠለጥን ለማየት ስለሄዱ ሁለቱን አገሮች የሚያመሳስለውን አጥብቀው ፈለጉ። ስለዚህ ስለ ጃፓን ልማድ የተጻፈን ዝርዝር የሚያነብ ሰው ጽሑፉ በየትኛው ዘመን፣ በማን፣ ለምን ዓላማ እንደተዘጋጀ ቢጠይቅ፣ ስለ ጃፓናውያን የሚያውቀውን ያህል ስለ ጸሐፊዎቹም ያውቃል፤ በሰው ላይ በልማዱ ከመፍረድም ይጠበቃል።