ዳ ናንግ፦ ለአዲስ ጎብኚ

ዳ ናንግ በማዕከላዊ ቬትናም፣ የሃን ወንዝ ባሕር በሚገባበት ስፍራ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት።

መለያዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የተመረቀው፣ 666 ሜትር የሚረዝመው የዘንዶ ድልድይ ነው። በቅዳሜና እሁድ ምሽቶች የብረቱ ዘንዶ መጀመሪያ እሳት፣ ቀጥሎም ውኃ ይተፋል፤ ተጠግቶ የቆመም በስብሶ ይመለሳል። በድልድዩ ምዕራባዊ ጫፍ ያለው የቻም ቅርጻ ቅርጽ ሙዚየም የጥንቱን የቻምፓ መንግሥት የድንጋይ ሥራዎች ያሳያል።

በሶን ትራ ባሕረ ገብ መሬት 67 ሜትር ከፍታ ያለው ነጭ የቡድሂስት ሐውልት ቆሟል። በስተደቡብ አምስቱ የእብነ በረድ ተራሮች በብረት፣ በእንጨት፣ በውኃ፣ በእሳትና በምድር ተሰይመዋል፤ ዋሻዎቻቸው መቅደሶችን ይዘዋል።

በባ ና ተራሮች ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተውን ወርቃማ ድልድይ ሁለት ግዙፍ እጆች የተሸከሙት ይመስላል። ድንጋይ የሚመስሉት እጆች ከሽቦ መረብና ከፋይበርግላስ የተሠሩ ናቸው።

በጥቅምትና በኅዳር ዝናቡ ስለሚበረታ፣ በሚ ኬ የባሕር ዳርቻ ለመዋኘት ከየካቲት እስከ ነሐሴ ያለው ወቅት ይመረጣል።