ከወለል በታች የተገኘው ልብስ፦ የጡት መያዣ ታሪክና የታሪክ ባለሙያ ስሕተት



የዛሬውን ንግግሬን የራሴን ስሕተት በመናዘዝ ልጀምር። በአውሮፓ ማኅበራዊ ታሪክ ትምህርቴ «የጡት መያዣ የመቶ ዓመት ፈጠራ ነው» እያልሁ ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ። የማስታወሻዬ ቅደም ተከተል የጠራ ይመስል ነበር። ኮርሴ በዓሣ ነባሪ አጥንት ወይም በብረት ዘንግ ጠንክሮ፣ ወገብን ሸምቅቆ ጡትን ከታች ወደ ላይ የሚገፋ ልብስ ነው። በ1889 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳዊቷ ኤርሚኒ ካዶል ይህን ልብስ ለሁለት ከፍላ፣ የላይኛው ክፍል ከትከሻ በማንገቻ እንዲንጠለጠል አደረገች። በ1914 ደግሞ አሜሪካዊቷ ሜሪ ፌልፕስ ጄኮብ ከሁለት መሐረብና ከሪባን ለሠራችው ልብስ የፈጠራ መብት አገኘች፤ በኋላም መብቱን ለአንድ የኮርሴ ኩባንያ በ1,500 ዶላር ሸጠችው።

ይህን ቅደም ተከተል ያፈረሰው በኦስትሪያ፣ በምሥራቅ ቲሮል የሚገኘው የሌንግበርግ ግንብ ነው። በ2008 ሕንፃው ሲታደስ ከአንድ ክፍል ወለል ሥር፣ በደረቅ ሙሌት ውስጥ፣ ከ2,700 በላይ የጨርቅ ቁርጥራጮች ተገኙ። ከመካከላቸው አራቱ ከተልባ እግር የተሠሩ የጡት መያዣዎች ነበሩ። የኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ የአርኬዎሎጂ ባለሙያ ቤአትሪክስ ኑትስ ያጠናቻቸው ሲሆን፣ የካርቦን ምርመራው ዘመናቸው 15ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑን አረጋገጠ። ግኝቱ በ2012 በሰፊው ሲሰማ እኔም ማስታወሻዬን እንደገና መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ በሉልኝ። በሲሲሊ፣ በፒያሳ አርሜሪና በሚገኘው የ4ኛው ክፍለ ዘመን የሮማውያን ሞዛይክ ላይ ደረታቸውን በጨርቅ የታጠቁ ልጃገረዶች ይታያሉ። ያ ግን መታጠቂያ ነው፤ ጡትን ይጫናል እንጂ አይሸከምም። የሌንግበርጉ ልብስ በአንጻሩ ለእያንዳንዱ ጡት ተለክቶ የተቆረጠ ማቀፊያ አለው። ይህ ማለት ግን ካዶል ከእርሱ ቀዳች ማለት አይደለም። በመካከሉ ጠንካራ የደረት ልብሶች የነገሡባቸው ክፍለ ዘመናት አሉ። አንዱ ችግር ሁለት ጊዜ መፍትሔ አገኘ ማለት ይቀላል።

ታዲያ ስሕተቴ ከየት መጣ? ማስረጃዬ የፈጠራ መብት መዝገብ ስለ ነበረ ነው። መዝገቡ የሚነግረን ማን እንዳመለከተ እንጂ ማን አስቀድሞ እንደ ሰፋ አይደለም። በጽሑፍም ፍንጭ አልጠፋም ነበር፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመንኛ የተጻፈ የስላቅ ግጥም «የጡት ከረጢቶችን» ያነሣል። ሆኖም ጨርቁ እስኪገኝ ድረስ ቃሉ ምን ዓይነት ልብስን እንደሚያመለክት መለየት አዳጋች ነበር። የተሳለቀው ሰው ቃሉን አቆየልን፤ የሰፋችው ሴት ግን ስሟን አልተወችልንም።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ የአገራችንን አለባበስ ልታጠኑ ስትነሡ ይህን አስታውሱ። ስለ መቀነት የምትጽፉ ከሆነ ስለ ቀለሙና ስለ ጥለቱ ብቻ አትጻፉ። ለምን እንደሚታጠቁት፣ ስንት ጊዜ እንደሚያዞሩት፣ ከወሊድ በኋላ ወገባቸውን እንዴት እንደሚደግፉበት እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን ጠይቁ። እነርሱ ዛሬ ሊመልሱላችሁ ይችላሉ፤ የሌንግበርግ ሴቶችን ግን የጠየቀ አልነበረም።