መጻተኛ

ከሌላ አገር የመጣ፣ ዘመድ የሌለው እንግዳ ማለት ነው፤ ሥሩ የግዕዙ «መጽአ» ነው። ከሌላ ዓለም መጥቶ የሰውን ልጅ የሚወጋውን የልብ ወለድ ፍጡር ወጣቱ «ኤሊየን» ይለዋል። እኔ «መጻተኛ»ን እመርጣለሁ። «መጤ»ማ ስድብ አድርገነዋል፤ ለማርስ ሰውም አይገባም።

በልብ ወለድ የዚህን ዓይነት ጦርነት ፈር ከቀደዱት አንዱ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ነው። የማርስ ሰዎች ምድርን ሲወጉ የሚተርከው መጽሐፉ የታተመው በ1898 እ.ኤ.አ.፣ ከዐድዋ ድል 2 ዓመት በኋላ ነው። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ አውሮፓውያን በታዝማኒያ ነባር ሕዝብ ላይ ያደረሱትን እልቂት ያነሳል፤ እኛ ይህን ካደረግን ማርሶቹን በምን አፋችን እንወቅሳለን ባይ ነው። መጻተኞቹ ይዘውት የመጡት ቀይ አረም ደግሞ ወንዝ ዳሩን ሁሉ ይወርሰዋል።

እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር 2 ቴሌስኮፖች ሰማይ ሰማዩን ያያሉ፤ መጻተኛው ግን እሥራቸው ቆሟል። ከየካ ሽቅብ ተራራውን ያለበሰው ነጭ ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የገባ ነው፤ የትውልድ አገሩም ያችው ታዝማኒያና ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ። ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ አልደበቀም። ከሥሩ ሣር አያበቅልም፣ ውኃ ይጨርሳል እየተባለ ይታማል፤ ጉንፋን ሲይዘን ግን የምንታጠነው በእሱው ቅጠል ነው።